በርሜሉ መቼ ይታጠባል?

ተረብ ሕግ አለው፤ የተተረበ አይቆጣም፣ የተቆጣ ተሸንፏል። በዚህ ተስማምተን የዛሬውን ግጥሚያ የምንገጥመው እኔና የእህቴ ልጅ ነን። እሱ «ስታርዲው ቫሊ» በሚባል የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ሰፊ እርሻ አለው፤ እኔ ከምላሴ በቀር ርስት የለኝም። የምንፎካከርበት ጉዳይ ተጫዋቾች «ክራፍቲንግ» የሚሉት ነው፦ እንጨት ቆርጦ፣ ድንጋይ ፈልጦ፣ ይህን ከዚያ አጋጥሞ ዕቃ መሥራት። ዘና ላድርጋችሁ ብሎ የሚመጣ ጨዋታ ሁሉ ዛሬ ዛሬ መጀመሪያ እንጨት ሳያስለቅም አያዝናናም። እኔ «ይህ የቀን ሥራ ነው» ባይ ነኝ፤ እሱ «ጋሼ፣ አልገባዎትም» ባይ ነው። ዳኛው አንባቢ ይሁን።

ዙር አንድ፦ ከሥራ ሸሽቶ ወደ ሥራ

«ታሪኩ ደስ ይላል፣ ጋሼ። ባለታሪኩ ጆጃ የሚባል ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተጎልቶ ሲውል ሕይወት ይሰለቸዋል። አያቱ ትተውለት ያለፉትን ደብዳቤ ይከፍታል፤ እርሻቸውን ይወርሳል። ከዚያ በኋላ ነጻ ሰው ነው።»

«ነጻው ሰው ስንት ሰዓት ይነሳል?»

«ከጠዋቱ 12 ሰዓት።»

«ስንት ሰዓት ይተኛል?»

«ከፈለገ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሠራል። ከዚያ ካለፈ ባለበት ተዝለፍልፎ ይወድቃል።»

«በቀን 20 ሰዓት! የለቀቀው ኩባንያ እንኳ የምሳ እረፍት ነበረው። ይህ ልጅ አለቃውን ጥሎ የሄደው የባሰ አለቃ ለመሆን ነው፤ ያውም በራሱ ላይ። ለመሆኑ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲያድር ምን ይሆናል?»

«ሰው አንስቶ ቤቱ ያስገባዋል። ጠዋት ግን ከገንዘቡ እስከ 1,000 ወርቅ ጎድሎ ያገኘዋል።»

«አንስቶ አስገባው ትለኛለህ? ፈትሾ አስገባው በል እንጂ!»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጨዋታው አንድ ቀን በእኛ አቆጣጠር 14 ደቂቃ ገደማ ነው። እርስዎ ጠዋት ካልሲዎን ሲፈልጉ የሚያጠፉት ጊዜ ነው። እኔ በዚያ ውስጥ ዘርቼ፣ አጠጥቼ፣ ዓሣ አጥምጄ እገባለሁ።»

አንድ ለዜሮ፤ ካልሲው እስካሁን አልተገኘም።

ዙር ሁለት፦ ምድጃ በቦርሳ

«እሺ፣ ምን ሠራህ?»

«ማቅለጫ ምድጃ። 20 የመዳብ ማዕድንና 25 ድንጋይ አዋጥቼ አንዴ ስነካው ተሠራ።»

«ማን ገነባው?»

«እኔ።»

«በስንት ጊዜ?»

«ወዲያው። ከዚያ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።»

«ምድጃ ቦርሳ ውስጥ! እኛ ሰፈር አንዲት ምጣድ ከቤት ቤት ለማዘዋወር ሁለት ሰው ተሸክሞ ሦስተኛው ‹ቀስ! ቀስ!› ይላል።»

«ቦርሳዬ ሲሞላ ደግሞ በ50 እንጨት ሳጥን እሠራለሁ። ሳጥኑ 36 ቦታ አለው፤ በእያንዳንዱ ቦታ እስከ 999 ድንጋይ ይደረደራል።»

ወረቀት አውጥቼ አባዛሁት፤ 35,964 ድንጋይ። «ከ50 እንጨት በተሠራ ሳጥን ውስጥ? ልጄ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ሰው ይህን ሳጥን ቢያገኝ ከነቤተሰቡ ገብቶ፣ የተረፈውን ለደባል ያከራየው ነበር። ይህን ሁሉ ድንጋይስ ምን ልታደርገው ነው?»

«አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል ነበር፤ አንተ ሦስተኛ ሆነህ ተጨመርክ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ቁምሳጥን ላይ የተደረደሩት የሞቱ ሞባይሎችስ? ባትሪ መሙያቸው ሳይቀር በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። የእኔ ድንጋይ ቢያንስ ምድጃ ይሆናል።»

ሞባይሎቹን በተመለከተ አንድ ቀን ይፈለጉ ይሆናል።

ዙር ሦስት፦ የቁራና የቦምብ ዋጋ

«ቁራ ሰብሌን እንዳይበላ ማስፈራሪያ ሠራሁ» አለ። «50 እንጨት፣ 1 ከሰልና 20 ቃጫ ወሰደብኝ።»

«ውድ ነው። ቦምብስ አለ?»

«አለ። 4 የብረት ማዕድንና 1 ከሰል።»

«ቆይ ቆይ። ቁራ ለማስደንገጥ 71 ዕቃ፣ ዋሻ ለማፍረስ 5 ዕቃ? ዋጋውን ያወጣው ማነው? ሰብል መጠበቅ ከማፍረስ የሚወደድበት ምን ዓይነት መንደር ነው?»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ በመንደሩ ብቻ መሰለዎት?» አለኝ።

ለዚህ መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። ዙሩ የሱ ነው።

ዙር አራት፦ የእንቁላል ጉዞ

«ማዮኔዝ የሚያወጣ ማሽንም አለኝ። አንድ እንቁላል አስገባለሁ፣ በሦስት ሰዓት ማዮኔዝ ይሆናል።»

«ዘይቱስ?»

«አያስፈልግም።»

«ሎሚው?»

«የለም።»

«ታዲያ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንቁላሉ ውስጥ ምን ያደርጋል? ያስባል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አያቶቻችን ተስፋ ሲሰጡት፣ እናንተ ዳቦ ላይ ቀባችሁት።»

«ይቺ ምን አላት! የዳይኖሰር ማዮኔዝም አለ።»

«ምን አልክ?»

«ከመሬት ሲቆፈር የዳይኖሰር እንቁላል ይገኛል። ለመንደሩ ሙዚየም መስጠት ይቻላል፤ አስፈልፍሎ ዳይኖሰር ማርባትም ይቻላል። ከተፈለገ ደግሞ ማሽኑ ውስጥ ማስገባት ነው።»

«ሳይንቲስት ዕድሜ ልኩን አፈር ሲምስ የሚመኘውን እንቁላል፣ አንተ ሳንድዊች ላይ?»

«በ800 ወርቅ ነው የሚሸጠው፣ ጋሼ።»

ሳቅሁ። ተረበኛ በጠላት ቀልድ ሲስቅ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ይቀነስብኝ። ይህን ሳቅ ግን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ለፍርዱ ያስፈልገናል።

ዙር አምስት፦ በርሜሉ

«አሁን ዋናውን ልንገርዎት። የጠመቃ በርሜል አለኝ። 30 እንጨት፣ አንድ የመዳብና አንድ የብረት ጡብ፣ ትንሽ የኦክ ዛፍ ሙጫ። የእርሻ ችሎታ 8ኛ ደረጃ ሳይደርስ ግን አሠራሩን አያሳይም።»

«ስምንተኛ? ሚኒስትሪ ያላለፈ አይጠምቅም በለኛ! ምን ይወጣዋል?»

«ለምሳሌ ቡና። አምስት ፍሬ አስገባለሁ፣ በሁለት ሰዓት አንድ ስኒ ይወጣል።»

«አምስት ፍሬ? አምስት ፍሬ ቡና ማለት እኮ እኛ ቤት ከብረት ምጣዱ ዘሎ ከሰል ውስጥ የሚገባው ነው። ሳይታጠብ፣ ሳይቆላ፣ ሳይወቀጥ?»

«በቀጥታ።»

«በቢራ በርሜል?»

«በቢራ በርሜል። ሲጠጡት ደግሞ ፍጥነት ይጨምራል፤ ከአንድ ደቂቃ ለሚበልጥ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይራመዳሉ።»

«በስመ አብ! ቡና ሰው ያስቀምጣል እንጂ ያስሮጣል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ ስንት ሰው ሥራው ቀርቶበታል! የኛ ቡና ፍጥነት የሚጨምረው ለሐሜቱ ብቻ ነው።»

«ጨዋታውን የሠራው አሜሪካዊ ነው፣ ጋሼ። እዚያ ቡና በወረቀት ኩባያ ይዘው እየተራመዱ ነው የሚጠጡት። ሰውዬው ያየውን ነው የጻፈው።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ማር ሲገባ በ10 ሰዓት ጠጅ ይሆናል።»

«ጌሾ?»

«የለም።»

«ውሃ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ጠጅ አትበለኝ፤ በርሜል ውስጥ አስር ሰዓት የታሰረ ማር ነው። ከዚያስ?»

«ስንዴ ሲገባ ቢራ፣ ፍራፍሬ ሲገባ ወይን፣ አትክልት ሲገባ ጭማቂ።»

«ትናንት ቡና፣ ዛሬ ጠጅ፣ ነገ የካሮት ጭማቂ፤ ሁሉም በዚያው በርሜል። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ በርሜሉ መቼ ይታጠባል?»

ልጁ አሰበ። «አይታጠብም።»

«አበቃ! ይህ ጨዋታ ለጤና ጥበቃ ነው መመራት ያለበት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀመጡበት ጠጅ ቤትስ ብርሌው መቼ ይታጠባል?»

ዙሩን በአቻ ውጤት ዘጋነው፤ ለሁለታችንም ጤና ሲባል።

ዙር ስድስት፦ አንጥረኛው

«መንደሩ ውስጥ ክሊንት የሚባል አንጥረኛ አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከፍቶ በ10 ሰዓት ይዘጋል። ማጠጫዬን ወደ መዳብ ሊያሳድግልኝ 2,000 ወርቅና 5 የመዳብ ጡብ ተቀበለኝ፤ ሁለት ቀን ጠብቅ አለኝ።»

«ቆይ፣ አንተ ምድጃ በቅጽበት የምትሠራ ሰው አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ቦምብ የምትሠራ?»

«አዎ።»

«መብረቅ ከሰማይ ስበህ ባትሪ የምታደርግ?»

«እሱንም።»

«ታዲያ አንድ ማጠጫ ማሳደስ አቅቶህ ሁለት ቀን ሰው ደጅ ትጠናለህ?»

«ለባለሙያ ክብር ነው።»

«ሁለት ቀን ሰብሉን በምንድነው የምታጠጣው? በእንባህ?»

«ዝናብ ሊዘንብ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የምሰጠው። ቤቴ ያለው ቴሌቪዥን የነገን አየር ጠባይ ይነግረኛል።»

«ትንበያው ይሳካል?»

«ተሳስቶብኝ አያውቅም።»

«የዳይኖሰሩን አምኜህ ነበር፤ ይህን ግን አላምንህም።»

ዙር ሰባት፦ የራሰ ጋዜጣ

«ዓሣ ላጠምድ ብዬ መንጠቆ ስወረውር አንዳንዴ የራሰ ጋዜጣ ይወጣል። ቆሻሻ ወደ ዕቃ የሚለውጠው ማሽን ውስጥ ሳስገባው ችቦ ይሆናል፤ ዕድል ከቀናም ጨርቅ ይወጣዋል።»

«የጋዜጣ ሰው ነኝና ይህን በግሌ ነው የምወስደው። በል ዝርዝሩን።»

«አንድ የራሰ ጋዜጣ ሦስት ችቦ ያወጣል።»

«እንግዲህ የጽሑፍ ብርሃንነት ተመሰከረ!»

«ተመስክሯል፣ ጋሼ። ያንተ አምድ ግን...»

«ያንተ?»

«የእርስዎ አምድ ግን ብርሃን እንዲሰጥ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ መጣል አለበት።»

ግጥሚያውን የቀዳሁበት ወረቀት እስካሁን ደረቅ ነው፤ አንባቢ ይፍረድ።

ዙር ስምንት፦ ሰንሰለቱ

እዚህ ላይ ልጁ ቀልዱን ትቶ ተስተካክሎ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ አንዱን ዕቃ ለብቻው እያነሱ ነው የሚተርቡት። ሰንሰለቱን ይዩት። ከወንዝ በመንጠቆ ያወጣሁት የተሰበረ ሲዲ የቆሻሻ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የነጠረ ኳርትዝ ይሆናል። ኳርትዙ ከአንድ የብረት ጡብና ከአምስት የሌሊት ወፍ ክንፍ ጋር መብረቅ መሳቢያ ይሆናል። ነጎድጓድ ሲመጣ መሳቢያው መብረቁን ይይዝና ባትሪ ይሰጠኛል። ባትሪው ከወርቅ ጡብና ኢሪዲየም ከሚባል ማዕድን ጡብ ጋር ሲገጥም በየጠዋቱ ዙሪያውን 24 መደብ በራሱ የሚያጠጣ የውሃ መርጫ ይሆናል። ቆሻሻ ነበረ፤ መስኖ ሆነ። ደግሞ የትናንቱ ዋጋ የዛሬው ነው፤ ትናንት 5 የመዳብ ማዕድንና 1 ከሰል አንድ ጡብ ከሰጡ፣ ዛሬም አንድ ይሰጣሉ። ደላላ የለም፤ ‹አለቀ፣ ነገ ና› የለም፤ ‹ፎቶኮፒ ጎደለ› የለም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ሆኖ ያየሁት ግን እዚያ ነው።»

«አፍህ ከእርሻህ ሰፋ! መርጫው ከተተከለ በኋላስ ጠዋት ጠዋት ምን ትሠራለህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ጨዋታው የሚያስተምርህ ከጨዋታው መገላገልን ነው።»

«እሱ ጡረታ ይባላል፣ ጋሼ። እርስዎ ስለቀረብዎት ነው የማያውቁት።»

ከቀለበቱ ውጭ

ልጁ ውሃ ሊጠጣ ሲነሳ እኔ ለአንባቢ በቀጥታ ልናገር። ይህን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ኤሪክ ባሮን የሚባል ሰው ነው። ሲያትል ከተማ በአንድ ቲያትር ቤት የትርፍ ሰዓት ተመልካች አስተናጋጅ ሆኖ እየሠራ፣ ከአራት ዓመት በላይ ፕሮግራሙን፣ ሥዕሉን፣ ሙዚቃውንና ታሪኩን ብቻውን ሠራው። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጨረሻ ከ41 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ሠርቶ የተጠቀመ ሰው ማለት እሱ ነው፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ነው እንጨት የሚቆርጥለት።

ይሁንና ሰንሰለቱ ላይ አልተርብም። ከሲዲ ተነስቶ መስኖ ላይ የሚደርስ ሐሳብ ጠማማ ቢመስልም የራሱ ልክ አለው፤ ተጫዋቹም የሚያገኘው ዕቃ ነገ ጠዋት የሚውልበትን ውሎ ይለውጥለታል። የምተርበው ሌላውን ነው። የዚሁ ጨዋታ ባለታሪክ ወጥ ቤት እንዲኖረው ቤቱን ለማስፋት 10,000 ወርቅና 450 እንጨት ይጠየቃል። 450ኛው እንጨት ከ449ኛው የሚለየው በምንድነው? ሰንሰለቱ ያሳስባል፣ 450ው ያስቆጥራል። ማሰብ ጨዋታ ነው፤ መቁጠርን ግን የመጋዘን ሠራተኛ ደመወዝ ተቆርጦለት ነው የሚሠራው።

መጠበቅስ? ብዙዎች ክራፍቲንግን የሚያሰለቸው መጠበቁ ይመስላቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን የወጣው «ድራገን ክዌስት 8» ውስጥ በእርግማን ወደ አረንጓዴ ፍጡር የተለወጠ ንጉሥ አለ፤ ልጁም ፈረስ ሆና የአባቷን ሠረገላ ትጎትታለች። ሠረገላው ላይ የአስማት ማሰሮ አለ። ዕቃ ከተህ መንገድህን ትቀጥላለህ፤ ስትራመድ፣ ስትዋጋ ማሰሮው ያበስላል፤ ሲደርስ ድምፅ ያሰማል። ምን ወጣ ብለህ ትሮጣለህ። በኋላ ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ ተሻሽሎ ሲወጣ መጠበቁ ተነሳ፤ ማሰሮው ወዲያው ያወጣል። የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ «ተመስገን» አለ። እኔ ግን ማሰሮው አፉን እንዳጣ ነው የቆጠርኩት። የሚቆጠር እንጨት አልነበረም፣ የሚቆም መንገድ አልነበረም፤ የነበረው ጉጉት ብቻ ነው፤ እሱን አነሱት።

ቀልዱን እስከ ጥግ የወሰደው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው «ኪንግደም ኦፍ ሎዚንግ» ነው። ሥዕሉ ሕፃን በእርሳስ የሞነጫጨረው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከጀግኖቹ አንዱ የአኮርዲዮን ሌባ፣ ሌላው በፓስታ ድግምት የሚደግም ነው። የአገሩ ገንዘብ ሥጋ ነው። ዕቃ ከዕቃ የሚጣበቀውም በሥጋ ሙጫ ነው።

«ጾም ሲገባ ኢኮኖሚው ምን ይሆናል?» አልኩት ልጁን።

«ይወድቃል፤ ለፋሲካ ይነሳል።»

ይህን መልስ ከኔ ነው የወረሰው። በዚያ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ዋናዋን ጠንቋይ የምታሸንፍበት በትር የሚሠራው ከአራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤን እና ዲ እንደ ዕቃ ከየቦታው ይገኛሉ፤ ሁለት ሁለቱን ስታጣብቅ፣ ጥንዶቹን ደግሞ እርስ በርስ ስታጋጥም የአስማት በትር የሚለው ቃል ይጻፋል፣ በትሩም እጅህ ይገባል። አራት ዕቃ፣ ሦስት ማጣበቅ፣ አንድ ትልቅ ሳቅ። እንጨት አልተቆረጠም፤ ሌላው ቀርቶ ማስፈራሪያም አልቆመም።

ፍርድ

ነጥብ ሲደመር ልጁ በለጠኝ፤ በሕጉ መሠረት አልተቆጣሁም። ክርክሩ ግን የኔ ነው፤ ያስመሰከርኩትም በራሱ ዕቃዎች ነው። በዳይኖሰር ማዮኔዝ ሁለታችንም ሳቅን፤ በሲዲና በመብረቁ ሰንሰለት ሁለታችንም ተደነቅን፤ በ450 እንጨት ግን እሱ ራሱ ሲያዛጋ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ለጨዋታ ሠሪዎች እንዲህ ተፈርዷል። አንደኛ፣ የምታጋጥሙት ዕቃ ወይ ያስቅ፣ ወይ ያሳስብ፤ ሁለቱንም ካላደረገ ከጨዋታው ይውጣ። ሁለተኛ፣ አስጠብቁን፣ ግን አታስቆጥሩን። ሦስተኛ፣ የተሠራው ዕቃ የነገን ውሎ ይለውጥ፤ ያለዚያ ሳጥን ከመሙላት አያልፍም። አራተኛ፣ በርሜሉ ይታጠብ።

ለተጫዋች ወገኔ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ የሚያዝናና ጨዋታ ቀና ብሎ «መጀመሪያ 500 እንጨት አምጣ» ሲልህ፣ መጥረቢያህን አስቀምጥና እንዲህ በለው፦ ጨዋታ ከሆንክ አስቀኝ፣ ሥራ ከሆንክ ክፈለኝ።